የቆጡን ለማውረድ የብብትን መጣል፤ ከብስክሌት ትርኢተኞች የሚገኝ የስም ንግድ ትምህርት

በ2002 መጨረሻ ላይ ዋልማርትና ቶይስ አር አስን የመሳሰሉ የአሜሪካ ታላላቅ መደብሮች አንድ የቪዲዮ ጌም በመደርደሪያችን ላይ አናስቀምጥም አሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕቃው የብስክሌት ትርኢት ጌም ሲሆን፣ አምራቹ አክሌም የተባለው ኩባንያ ሽያጭ ያሞቅልኛል ብሎ የእርቃን ምስል አስገብቶበት ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል በ2000 እና በ2001 የወጡት የኩባንያው የብስክሌት ጌሞች የተሸጡት በዴቭ ሚራ ስም ነው። ሚራ የዘመኑ ስመ ጥር የብስክሌት ትርኢተኛ ነበር። አዲሱን ዕቃ ሲያይ ስሜን አንሱልኝ አለ፤ ስሙም ተነሳ። ነገር ግን ገበያው አሁንም ጌሙን ከእኔ ነጥሎ አያየውም በማለት በ2003 ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆመው።

ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ለነጋዴ ግን ቁም ነገር አለው። ሚራ ያከራየው ቤት ወይም መኪና አልነበረም፤ ስሙን ነው። ቤት አከራይ ተከራዩ ሲያበላሽበት ቁልፉን ተቀብሎ ግድግዳውን ቀለም ያስቀባል። የቆሸሸ ስም ግን በምን ይቀባል?

የዛሬው ጥናታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ከራሳቸው ጠባብ መንደር ወጥተው በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ለመታወቅና ከሌላ ዘርፍ ስፖንሰር ለማግኘት የተነሡት የብስክሌት ባለሙያዎች ምን አተረፉ? ምንስ ከሰሩ? ከእነርሱ ልምድስ ስሙን ይዞ ገበያ የሚወጣ ማንኛውም ሰው ምን ይማራል?

የብብቱ ገበያ

ቢኤምኤክስ የምትባለው ብስክሌት ጎማዋ 20 ኢንች የሆነ ትንሽ ብስክሌት ነች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች የሞተር ብስክሌት የአቧራ ላይ ውድድርን በመኮረጅ ነው የጀመሯት። በኋላ ውድድሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወደ አየር ተወንጭፎ፣ ተሽከርክሮና ተገልብጦ የመመለስ ትርኢት ተጨመረበት። ለዚህ ትርኢት መፈጠር ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ቦብ ሃሮ በ1982 በወጣው «ኢ.ቲ.» በተሰኘው ፊልም ላይ ብስክሌት በመንዳት ተሳትፏል። ፊልሙን ያየ ልጅ ሁሉ ብስክሌት ግዙልኝ አለ። ሃሮም በስሙ የሚጠራ የብስክሌት ድርጅት ባለቤት ሆነ።

በዚህ ውስጣዊ ገበያ ከፋዮቹ እነማን ናቸው? የብስክሌት አካል፣ የጎማ፣ የመሪና የራስ መከላከያ ቆብ አምራቾች ናቸው። ለብስክሌተኛው ዕቃ በነጻ ይሰጡታል፤ የጉዞ ወጪውን ይችሉለታል፤ በስሙ የተሠራ ብስክሌት ሲሸጥ ከእያንዳንዱ ጥቂት ድርሻ ያስቡለታል። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። የደንበኛው ኪስ ትንሽ ነው፤ የኩባንያው በጀትም እንደዚያው።

የዚህ ገበያ ትልቁ ድክመት ግን ማነሱ አይደለም። ብስክሌተኛውና ከፋዩ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸው ነው። ፋሽኑ ሲያልፍ የብስክሌት ሽያጭ ይወርዳል፤ ሽያጩ ሲወርድ ኩባንያው መጀመሪያ የሚቀንሰው የስፖንሰር ወጪውን ነው፤ ያን ጊዜ ብስክሌተኛው ደመወዙንም ድርሻውንም ባንድ ቀን ያጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የደረሰውም ይኸው ነው። ገበያው ተቀዛቀዘ፤ ብዙዎች ሜዳ ላይ ቀሩ።

በዚያ ወቅት የኦክላሆማው ማት ሆፍማን ሌላ መንገድ ያዘ። ስፖንሰር እስኪመጣ አልጠበቀም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ስም የብስክሌት ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1992 ደግሞ የራሱን ተከታታይ ውድድር ማዘጋጀት ጀመረ። በእኛ አነጋገር መጀመሪያ ሱቅ ከፈተ፤ ቀጥሎ ሱቁ ያለበትን ገበያ ራሱ መሠረተ። ልብ ማለት የሚገባው ይህን ያደረገው ዋጋው በወደቀበት ሰዓት መሆኑን ነው። የውጭው ገንዘብ ሲመጣ ሆፍማንን ያገኘው ተቀጣሪ ሆኖ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ ነው።

የቆጡ ገንዘብ

የውጭው ገንዘብ በሩን ያንኳኳው በ1995 ነው። ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን በሮድ አይላንድ ግዛት የመጀመሪያውን የ«ኤክስትሪም ጌምስ» ውድድር አዘጋጀ፤ በቀጣዩ ዓመት ስሙ ኤክስ ጌምስ ተባለ። ከስፖንሰሮቹ መካከል የለስላሳ መጠጡ ማውንቴን ዲው፣ የምግብ ቤቱ ታኮ ቤል፣ የመኪናው ሸቭሮሌና የስልክ ድርጅቱ ኤቲ ኤንድ ቲ ነበሩበት። ከነዚህ አንዱም ብስክሌት አይሸጥም። የሆፍማን ድርጅትም የብስክሌቱን ዘርፍ ለቴሌቪዥኑ በማዘጋጀት ሥራ አገኘ።

ታዲያ የለስላሳ መጠጥ ነጋዴ ከብስክሌተኛ ምን ይገዛል? የሚገዛው የወጣቱን ዓይን ነው። እዚህ ላይ የዋጋው ቀመር ይለወጣል። በመንደሩ ውስጥ ዳኛው ዐዋቂ ነው፤ የትኛው ግልበጣ ከባድ፣ የትኛው ለዓይን ብቻ እንደሆነ ይለያል። ውጭ ያለው ተመልካች ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ስም ነው። ስለዚህ በውስጥ ገበያ ዋጋ የሚወጣለት ችሎታ ሲሆን፣ በውጭ ገበያ ዋጋ የሚወጣለት መታወቅ ነው። ውጤቱም ግልጽ ነው፤ ሃያ ጎበዞች ባሉበት መስክ የውጭው ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ሰዎች ብቻ ይሰበሰባል።

ከነዚያ ሁለትና ሦስት ሰዎች አንዱ ሚራ ነበር። በ2000 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ኤክስ ጌምስ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተገልብጦ በሰላም አረፈ። በዘመኑ በሙሉ ከዚህ ውድድር 24 ሜዳሊያ የወሰደ ሲሆን፣ ከነዚህ 14ቱ ወርቅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብስክሌት ነክቶ የማያውቅ የአሜሪካ ልጅ እንኳ ስሙን ያውቅ ጀመር።

የመንደሩ ሰዎችስ ምን አሉ? እንደተለመደው አጉረመረሙ። ስፖርቱን ለመጠጥ ሻጭ ሸጡት የሚል ወቀሳ ከዚያ ዘመን ጀምሮ አልተቋረጠም። ብዙ ሰው ይህን የምቀኝነት ወሬ አድርጎ ያልፈዋል። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ግን ወቀሳው መሠረት አለው። የመጠጥ ኩባንያው የሚከራየው ያ ድፍረት፣ ያ ነጻነትና ያ «የእውነት ነው» የሚባል ነገር የተመረተው በመንደሩ ውስጥ ነው። ካፒታሉን ያዋጣው ብዙ ሰው ነው፤ ኪራዩን የሚቀበለው ግን አንድ ሰው። ያ አንድ ሰው መንደሩን ረስቶ ሲሄድ ውሎ አድሮ የሚያከራየው ነገር ያልቅበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

በቁርጥ ወይስ በድርሻ?

ስም ሲከራይ ክፍያው በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው በቁርጥ ነው፤ ገንዘቡን ዛሬ ተቀብሎ መሰናበት። ሁለተኛው በድርሻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ እየታሰበ የሚመጣ፣ በውጭ አገር ሮያሊቲ የሚሉት ክፍያ።

ለዚህ ከጎረቤት ስፖርት አንድ ምሳሌ እናንሳ። የስኬትቦርዱ ቶኒ ሆክ አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ በ1999 በስሙ ጌም ሊያወጣ ሲል፣ የወደፊቱን ድርሻ ትቶ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በቁርጥ እንዲወስድ እንደቀረበለትና እምቢ እንዳለ በየቃለ ምልልሱ ተናግሯል። ጌሙ በዓለም ዙሪያ ተቸበቸበ፤ ተከታታዮቹም ለዓመታት ወጡ። ድርሻውም ከቁርጡ ዋጋ እጅግ በለጠ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በቁርጥ 500,000 ብር የቀረበለት ሰው በድርሻ ከያንዳንዱ ዕቃ 2 ብር የሚያገኝ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚተካከሉት 250,000 ዕቃ ሲሸጥ ነው። ሽያጩ ከዚያ ካለፈ ድርሻ ያተርፋል፤ ካላለፈ ቁርጥ ያተርፋል። ስለዚህ ምርጫው የስግብግብነት ጉዳይ አይደለም። ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንደኛ ስለ ዕቃው ሽያጭ ከገዢው የተሻለ መረጃ አለኝ ወይ? ሁለተኛ ገንዘቡ ቢዘገይ የዛሬ ወጪዬን የምሸፍንበት ሌላ ገቢ አለኝ ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው አማራጩ ቢቀርብለትም ሊመርጥ አይችልም።

የሆክ ጌም ገበያውን ስለከፈተው የብስክሌተኞቹ ተራ ደረሰ። አክሌም በ2000 የሚራን ጌም ሲያወጣ፣ አክቲቪዥን ደግሞ በ2001 የሆፍማንን አወጣ። ሁለት ስሞች፣ ሁለት ተከራዮች፣ አንድ ገበያ። ፉክክሩ ከበረታ በኋላ ነው አክሌም በመግቢያችን ወደጠቀስነው ሥራ የገባው።

እዚህ ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ስለ ዋጋ ሲከራከር የሚረሳው። ስሜ የሚለጠፍበትን ዕቃ አስቀድሞ አይቶ የማጽደቅ መብት የማን ነው? ቁርጡም ድርሻውም የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህ መብት በውሉ ላይ ካልሰፈረ ባለስሙ ነገ ምን እንደሚሸጥበት አያውቅም። አክሌም በ2004 ለኪሳራ በቃ። ሊለቅ የተቃረበ ተከራይ ለቤቱ ግድግዳ አይሳሳም። ስለዚህ ስሙን የሚያከራይ ሰው የተከራዩን የሒሳብ መዝገብ ጭምር ቢመረምር ያዋጣዋል።

የእርጅና ቅናሽ

ማንኛውም ነጋዴ ማሽን ሲገዛ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይይዝለታል። የብስክሌት ትርኢተኛ ማሽን ግን አካሉ ነው። በየወድቀቱ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቅናሹን የሚይዝለት መዝገብ ግን የለም። ሆፍማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግዙፍ መወጣጫ ላይ ሲሞክር ወድቆ ጣፊያው ፈንድቶ ከሞት አፋፍ ተመልሷል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የውጭ ዝናን መፈለግ ቅንጦት ብቻ አይደለም። የጡረታ ጥያቄ ነው። የላስ ቬጋሱ ቲ.ጄ. ላቪን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከ2005 ጀምሮ ኤምቲቪ በተባለው ቴሌቪዥን የአንድ የውድድር ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። ፕሮግራሙ ከብስክሌት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በጥቅምት 2010 በውድድር ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሐኪሞችም ለሕክምናው ሲሉ ለቀናት ራሱን እንዳያውቅ አድርገው አቆዩት። ከዳነ በኋላ ወደ ብስክሌት ውድድር አልተመለሰም። ወደ ማይክሮፎኑ ግን ተመለሰ፤ ለብዙ ዓመታትም እዚያው ሠራ። የአካሉ ገቢ በቆመበት ቀን የስሙ ገቢ ቀጠለ ማለት ነው።

በዚያው ፕሮግራም ከላቪን በፊት አቅራቢ የነበረው ራሱ ሚራ ነው። ሚራም ገቢውን በብዙ ቦታ ለመበተን ጥሯል። ለዓመታት የሃሮ ኩባንያ ስፖንሰር ሲያደርገው ቆይቶ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሚራኮ የተባለ የራሱን የብስክሌት ድርጅት አቋቋመ፤ ከሱባሩ ጋር ወደ መኪና ውድድርም ገባ። የስም ንግድን ጥበብ ከእርሱ የበለጠ የተረዳ ብስክሌተኛ ጥቂት ነው።

ይሁንና በየካቲት 2016 ሚራ በ41 ዓመቱ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። ባለቤቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ተወ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ አንጎሉን የመረመሩ ሐኪሞች፣ ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣው ሲቲኢ የተባለው የአንጎል ሕመም እንደነበረበት አሳወቁ። በዚህ ዓይነት ስፖርት ተሳታፊዎች ዘንድ ሕመሙ በምርመራ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ለሞቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የሰው ልጅ ሞት በአንድ መስመር አይጻፍም። ነገር ግን ይህ ጸሐፊ አንድ ነገር ያሳስበዋል። የዓመታት መውደቅ ዋጋ ከጌሙ፣ ከጫማውም፣ ከመጠጡም ሽያጭ ላይ አልተቀነሰም። ሒሳቡ የተከፈለው መጨረሻ ላይ ነው፤ የከፈሉትም ቤተሰቦቹ ናቸው። ስፖንሰር የሚያደርግ ነጋዴ ይህን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ ውጭ ያለ ወጪ ብሎ ሊዘለው አይገባም።

በሜዳሊያና ያለ ሜዳሊያ

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድ ሌላ መንገድ አሳይቶናል። የኒው ዮርክ ኩዊንስ ተወላጅ የሆነው ናይጀል ሲልቬስተር የሚታወቀው በሜዳሊያ አይደለም። የሚታወቀው በጎዳና ላይ ብስክሌት ሲነዳ በሚያሳዩት ቪዲዮዎቹ ነው። «ጎ» በተሰኘው ተከታታይ ቪዲዮው ተመልካቹ በብስክሌተኛው ዓይን ኒው ዮርክን፣ ቶኪዮንና ዱባይን ያያል። ብስክሌት የማይወድ ሰውም ከተማ ለማየት ብሎ ይመለከተዋል።

በ2018 የጆርዳን ጫማ ከእርሱ ጋር ተባብሮ አንድ ኤር ጆርዳን አወጣ። ጫማው ከፋብሪካ ሲወጣ የተፋቀና ያረጀ መልክ ነበረው፤ ከብስክሌት ጋር ሲፋተግ የሰነበተ እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው። በ2021 ድርጅቱ ሲልቬስተርን በቋሚነት አስፈረመው፤ ለቢኤምኤክስ ስፖርት የመጀመሪያው ነበር። በኋላ በወጡት ጫማዎች ተረከዝ ላይ ደግሞ «ናይኪ ኤር» በሚጻፍበት ቦታ «ባይክ ኤር» የሚለው የእርሱ ምልክት ሰፈረ። ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ይህንን ነው። ሲልቬስተር ከመንደሩ ወጥቶ የጫማ ሰው ለመምሰል አልሞከረም። የመንደሩን ጭረት ይዞ ሄደ፤ ትልቁ ኩባንያ ጭረቱን ገዛው። ቪዲዮውን የሚያሠራው ራሱ፣ ምልክቱም የራሱ በመሆኑ ለድርድር ባዶ እጁን አልቀረበም።

ኦሎምፒክስ? የቢኤምኤክስ ውድድር በ2008 ቤጂንግ ላይ፣ ትርኢቱ ደግሞ ወረርሽኙ ወደ 2021 ባዘገየው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ገብቷል። ብዙዎች ገንዘቡም አብሮ ይገባል ብለው ነበር። እውነታው የተደባለቀ ነው። የእንግሊዟ ቤታኒ ሽሪቨር ከ2016ቱ ኦሎምፒክ በኋላ የአገሯ በጀት ለሴት የቢኤምኤክስ ተወዳዳሪዎች ሲቋረጥ፣ በትምህርት ቤት ረዳት ሆና በትርፍ ሰዓት እየሠራች ለማጣሪያ ጉዞዋ 50,000 ፓውንድ ከሕዝብ ለማሰባሰብ ተነሣች። ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወሰደች። የአውስትራሊያው ሎጋን ማርቲን ወረርሽኙ መለማመጃዎችን ሲዘጋ በግቢው ውስጥ 70,000 የአውስትራሊያ ዶላር የፈጀ መለማመጃ ሠርቶ፣ የትርኢቱን የመጀመሪያ የወንዶች ወርቅ ለአገሩ አስገኘ። ሁለቱም ከሜዳሊያው በፊት ያለውን ወጪ በራሳቸው ትከሻ ነው የተሸከሙት። የኦሎምፒክ ዝና በአራት ዓመት አንድ ቀን የሚከፈት በር ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚሸጥ ነገር አዘጋጅቶ የጠበቀ ብቻ ይጠቀምበታል።

ለነጋዴው የሚተርፈው

ከላይ ያየነውን ወደ ገበያችን ቋንቋ እንመልሰው። ሱቅ ሲተላለፍ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚከፈል ገንዘብ እንዳለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ያ ገንዘብ ደንበኛው ለለመደው ስምና ቦታ የሚከፈል ነው። የስፖርተኛም ስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት በሁለቱም ወገን ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

ስሙን የሚያከራይ ሰው እነዚህን ይጠይቅ። ውሉ ሲያልቅ ስሜና ምስሌ በማን እጅ ይቀራል? ዕቃውን ገበያ ሳይወጣ አይቼ አጸድቃለሁ ወይ? ተከራዩ ነገ ቢከስር ስሜ ከንብረቱ ጋር ለአበዳሪ ይሸጣል ወይ? ከዚህ ገቢ ሌላ አካሌ ሲደክም የሚያቆመኝ ነገር አለ ወይ?

ስፖንሰር የሚያደርገው ነጋዴም ይጠይቅ። የምገዛው ችሎታ ነው ወይስ መታወቅ? ይህ ሰው በገዛ ሙያ ጓደኞቹ ዘንድ ይከበራል ወይ? እነርሱ ያልተቀበሉትን ሰው ሰፊው ሕዝብ ዛሬ ቢያጨበጭብለት ነገ ይረሳዋልና። ደግሞም በእኔ አርማ ሥር ሆኖ ቢወድቅ የሕክምናውን ወጪ የሚችለው ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የደግነት ብቻ አይደለም። የተጎዳ ሰው ደረት ላይ ያለ አርማ ለሚያየው ሁሉ ስለ ባለአርማው ይናገራል።

ወደ ውጭው ገበያ መውጣት ስሕተት አይደለም። ሆፍማን፣ ላቪንና ሲልቬስተር በየራሳቸው መንገድ ወጥተው ተጠቅመዋል፤ አንዱ ቀድሞ ባለቤት በመሆን፣ አንዱ በአካሉ ላይ ያልተንጠለጠለ ሥራ በመያዝ፣ አንዱ የራሱን ምልክት ይዞ በመቅረብ። ሚራም ስሙን ከማይፈልገው ዕቃ ላይ ለማስነሣት ፍርድ ቤት ድረስ መሄዱ የስሙን ዋጋ ያውቅ እንደነበር ያሳያል። ቆጡ ላይ ያለውን ማውረድ ለሚፈልግ ሁሉ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ እጅዎን ወደ ላይ ከመዘርጋትዎ በፊት የብብትዎን የሚያስቀምጡበት ቦታ ያዘጋጁ።